መልስ፦ ከፀሐይና ከባክቴሪያ የትኛው ይቅደም?

የወረቀት ፋብሪካን ፍሳሽ በፀሐይ ብርሃንና በባክቴሪያ ለማጣራት የትኛው ይቅደም ብለው ለጠየቁት፣ እኔ ብሆን ባክቴሪያውን አስቀድማለሁ። ስታርቹንና ስኳሩን በርካሽ ይጨርሰዋል፤ ያንን የፀሐዩ ዘዴ በሚፈልገው ኬሚካል፣ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ማቃጠል ገንዘብ መድፋት ነው። የሚተርፈው በአብዛኛው ሊግኒን፣ ማለትም የእንጨትን ጭረቶች አጣብቆ የሚያጠነክረው ንጥረ ነገር፣ ነው፤ ውሃውን እንደ ጠላ የሚያጠቁረው እሱ ነው፣ ባክቴሪያም እምብዛም አይደፍረውም። ፀሐይ የምታስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ወደ 2.8 አውርደው፣ ጥቂት የብረት ጨውና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጨምረው፣ ብርሃን በሚያሳልፍ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ፀሐይ ላይ ያዙሩት። የሚፈጠረው ሃይድሮክሲል ራዲካል፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ቅንጣት፣ ሊግኒኑን ይሰባብረዋል።

ስብርባሪውን መልሰው ለባክቴሪያ መስጠት ይችላሉ። ግን አስቀድመው ፒኤቹን ወደ 7 ይመልሱ፤ ያን ጊዜ ብረቱ ዝገት መስሎ ይዘቅጣል። የተረፈውንም ፐርኦክሳይድ ያጥፉ፤ አለበለዚያ ባክቴሪያዎቹን በገዛ እጅዎ ይፈጃሉ። ቁስል የሚታጠብበት እኮ ነው!