ከ57 ተማሪዎች መካከል ሁለት ወንዶች፦ ለአንድ የቅድመ መደበኛ መምህርነት ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤህን በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። የቅድመ መደበኛ መምህርነት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆንህ፣ ሦስተኛው ወንድ ጓደኛችሁ ወደ ሌላ ትምህርት ክፍል ከተዛወረ ወዲህ ከ57 ተማሪዎች መካከል ወንዶቹ ሁለት ብቻ እንደሆናችሁ ጽፈሃል። ለልምምድ በተመደብህበት መዋዕለ ሕፃናት አንዲት እናት ልጃቸውን አንተ መጸዳጃ ቤት እንዳትወስዳት ማሳሰባቸው አንገትህን እንዳስደፋህ፣ የልምምድ ተቆጣጣሪህ ደግሞ በዚያው ሳምንት «አንተ እዚህ ብዙ አትቆይም፤ ቶሎ ርእሰ መምህር ትሆናለህ» ማለታቸው ይበልጥ ግራ እንዳጋባህ ገልጸህ፣ «ጊዜው ሳያልፍ ወደ ትምህርት አስተዳደር ልዛወር ወይ?» ስትል ጠይቀሃል።

በጻፍኸው ውስጥ ለመዛወር የሚያበቃ ምክንያት አላገኘሁም። በትምህርቱ ላይ ያነሳኸው ቅሬታ የለም፤ እንዲያውም በደብዳቤህ ውስጥ ረዥሙ አንቀጽ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም ብሎ የቆየ ሕፃን በእጅህ ባጠለቅኸው አሻንጉሊት አማካይነት መናገር የጀመረበትን ጠዋት የምትተርክበት ነው። አማካሪ እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ አያልፍም። የሚያስጨንቅህ ሥራው ሳይሆን በሥራው ላይ ሆነህ የሚያይህ የሰው ዓይን ነውና መልሴም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ስለ ሰው ዓይን ብዙ የተጻፈው ከአንተ በተቃራኒው ወገን ስለቆሙ ሰዎች ነው። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሮዛቤት ሞስ ካንተር እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ በብዙ ወንዶች መካከል በጣት ተቆጥረው የሚሠሩ ሴቶች ምን እንደሚገጥማቸው መርምረዋል። እንደ ካንተር አገላለጽ፣ የአንዱ ወገን ድርሻ ከ15 በመቶ በማይበልጥበት ስብስብ ውስጥ ጥቂቶቹ ከልክ በላይ ጎልተው ይታያሉ፣ ከብዙኃኑ የሚለዩበት ነገር ይጋነናል፣ የሚሠሩትም ሥራ እንደ ግለሰብ ሥራ ሳይሆን እንደ ወገናቸው ምስክርነት ይቆጠራል። የእናንተ የሁለታችሁ ድርሻ ደግሞ ከ4 በመቶ በታች ነው። አንድ ቀን ከክፍል ብትቀር መምህሩ ስም ሳይጠሩ የሚያውቁት፣ አንድ ሕፃን ማባበል ቢያቅትህ «ወንዶች ለዚህ አይሆኑም» የሚባለው፣ ቢሳካልህም «ለወንድ ልጅ ይህን ያህል ትዕግሥት!» የምትባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ሙገሳውም ወቀሳውም የተለካው በአንድ መለኪያ መሆኑን ልብ በል፤ በወቀሳው የማትሰበር ከሆነ በሙገሳውም መኩራት የለብህም።

ይሁን እንጂ የአንተ ሁኔታ ከእነዚያ ሴቶች ሁኔታ ጋር አንድ አይደለም። ክሪስቲን ዊሊያምስ የተባሉ ሌላ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በነርስነት፣ በአንደኛ ደረጃ መምህርነት፣ በቤተ መጻሕፍት ሥራና በማኅበራዊ ሥራ የተሰማሩ 76 ወንዶችንና 23 ሴቶችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረቡት ጥናት እንደሚያሳየው፣ በወንዶች ሙያ ውስጥ ጥቂት የሆኑ ሴቶች ወደ ላይ እንዳይወጡ ሲያዙ፣ በሴቶች ሙያ ውስጥ ጥቂት የሆኑ ወንዶች ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ይገፋሉ። ዊሊያምስ ይህን «የመስታወት ኤስካሌተር» ብለውታል፤ የቆመበትን ሰው ሳይራመድ ሽቅብ የሚያደርሰውን ተንቀሳቃሽ ደረጃ ማለታቸው ነው። የንጽጽሩ ጥልቀት የሚታየው ግን በሌላው ጫፉ ነው፤ በዚህ ደረጃ ላይ የቆመ ሰው ባለበት መቆየት ቢፈልግ ወደ ኋላ እየተራመደ መታገል አለበት። ከሕፃናት ጋር መሥራት የወደደው ወንድ፣ ከሕፃናቱ ርቆ «ለወንድ ይመጥናል» ወደሚባለው የኃላፊነት ቦታ እንዲሄድ ይገፋል።

የተቆጣጣሪህ ንግግር ይኸው ነው። በእኔ አስተያየት ከእናትየዋ ማሳሰቢያ ይልቅ ሊያሳስብህ የሚገባው እርሱ ነው። የእናትየዋ ነገር የሚጎረብጥ በመሆኑ ትነቃበታለህ፤ የተቆጣጣሪህ ነገር ግን ጣፋጭ ስለሆነ ሳታስተውለው ይወስድሃል። አንድ ዓመት እንኳ ክፍል ይዞ ሳያስተምር ርእሰ መምህር የሆነ ሰው፣ በሥሩ ያሉትን መምህራት በምን ዓይን ገምግሞ ምን ብሎ ያርማቸዋል? ከአንተ እኩል የደከሙት የክፍል ጓደኞችህም እንዲህ ያለውን ዕድገት ዝም ብለው ያዩት ይሆናል እንጂ አይረሱትም። ደግሞም ደረጃው ሁሉንም አያወጣም፤ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሯ አዲያ ሃርቪ ዊንግፊልድ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ጥቁር አሜሪካውያን ወንድ ነርሶች ይህን መገፋት እምብዛም እንደማያገኙ አሳይተዋል። የሥራ ዘመንህን ሊመጣም ሊቀርም በሚችል አድልዎ ላይ አትመሥርት።

ወደ እናትየዋ ልመለስ። ጥያቄያቸውን እንደ ስድብ አትውሰደው፤ አያውቁህም፣ ልጃቸውም ገና ሦስት ዓመቷ ነው። አንተ ማድረግ ያለብህ ተቋሙ ስለ ሕፃናት ደኅንነት የጻፈውን ደንብ ጠይቆ ማንበብ ነው። ልብስ መቀየርንና መጸዳጃ ቤት መውሰድን የሚመለከት ጥሩ ደንብ ለወንድና ለሴት ብሎ አይለይም፤ ማንኛውም አዋቂ በር ከፍቶ፣ ሌላ ባልደረባ በሚያይበት ወይም በሚያውቅበት ሁኔታ እንዲሠራ ያዛል፣ ተለማማጅ ደግሞ ብቻውን እንዳይሆን ይከለክላል። ደንቡ እንዲህ ከሆነ ለእናትየዋ የሚመልሰው ተቋሙ እንጂ አንተ አይደለህም። አንተን ብቻ በወንድነትህ የሚያገልል ሆኖ ካገኘኸው ግን ጉዳዩን ለትምህርት ክፍልህ በጽሑፍ አቅርብ፤ መጸዳጃ ቤት መውሰድ በዚያ ዕድሜ የትምህርቱ አካል ነውና ያልተለማመድኸው ነገር በምረቃህ ላይ የሚጎድል ነገር ነው። ለዚህም ሲባል «እናንተ መጸዳጃውን፣ እኔ ወንበር ማንሳቱን» የሚል ስምምነት ከሴት ባልደረቦችህ ጋር አትግባ። ለጊዜው ይቀልላል፤ በኋላ ግን የሥራው ከባድ ክፍል በእነርሱ ላይ ይቀራል፣ አንተም እንደ እንግዳ ትቆጠራለህ።

ጥርጣሬን የሚፈሩ ወንድ ተለማማጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ስሕተት አለ፤ እጃቸውን አጣምረው ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። ይህ ሕፃኑንም ይጎዳል፣ ይበልጥም ያጠራጥራል። የሚያለቅስ ሕፃን ሲኖር ተንበርክከህ በቁመቱ ልክ ሁን፣ ሰው በሚያይህ ቦታ አባብለው፣ ከዚያም የሆነውን ለመምህርቷ ንገራት። እናትየዋንም ጠዋት ጠዋት ሰላም በላቸውና ልጃቸው ትናንት የሠራችውን አንድ ነገር በዝርዝር አጫውታቸው። አመኔታ ስለራስ በመናገር አይገኝም፤ ስለ ልጃቸው በደንብ በሚያውቅ ሰው ላይ ግን ቀስ እያለ ያድራል።

በነገራችን ላይ «ይህ የወንድ ሥራ አይደለም» ለሚሉህ፣ እ.ኤ.አ. በ1837 የመጀመሪያውን የሕፃናት የጨዋታና የሥራ ተቋም ከፍቶ በ1840 «ኪንደርጋርተን» የሚለውን ስም ያወጣለት ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል ወንድ እንደነበረ ልትነግራቸው ትችላለህ። ክርክር ለመርታት ግን ብዙ አትድከም።

ሁልጊዜ የክፍል ተጠሪና የቡድን ሥራ አቅራቢ የምትሆነው አንተ እንደሆንህ በጨዋታ መካከል ጠቅሰሃል። ይህም ከዚያው ተንቀሳቃሽ ደረጃ የመጀመሪያው እርከን ነው። ለሚቀጥለው የቡድን ሥራ ማቅረቡን በተራ እንድታደርጉት ሐሳብ አቅርብ፤ አንተ የመማሪያ ቁሳቁሱን አዘጋጅ። መካሪ ስትፈልግም ወንድ ፍለጋ አትንከራተት፣ ሙያውን የሚያውቁት ብዙ ዓመት ያስተማሩት መምህራት ናቸው።

የደመወዝ ነገር እውነት ነው፤ በብዙ አገሮች የሕፃናት መምህራን የሚከፈላቸው ከከፍተኛ ክፍል መምህራን ያነሰ ነው። ይህን ከወዲሁ አስላ፣ በልዩ ፍላጎት ትምህርት፣ በቋንቋ ዕድገት ወይም በመምህራን ሥልጠና የመቀጠል መንገድ እንዳለም እወቅ። እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጆ ሆጋን የተባለ ወንድ ለሴቶች ብቻ በነበረ የነርስ ትምህርት ቤት እንዲማር ሲፈቅድ፣ ውሳኔውን የጻፉት የፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ወንዶችን ማግለል ነርስነት የሴት ሥራ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ እንደሚያጸና ጽፈዋል፤ ይህ ማግለል የነርሶችን ደመወዝ ዝቅ አድርጓል የሚል አስተያየት መኖሩንም በግርጌ ማስታወሻ ጠቅሰዋል። ጉዳዩ የአንተ ብቻ አይደለም ማለቴ ነው።

አስተዳደርን ጨርሶ አትንካ አልልህም። አንድን የሕፃናት ቡድን ከመግቢያው ጀምረህ አንደኛ ክፍል እስኪደርስ ካስተማርህ በኋላ ፍላጎቱ ከመጣብህ፣ ያን ጊዜ ብታመለክት የሚያፍርብህ አይኖርም። አሁን ግን የዝውውር ቅጹን አትሙላ። ተቆጣጣሪህ ያንን አነጋገር ሲደግሙልህም አመስግነህ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የጠዋቱን የተረት ሰዓት ብቻህን እንድትመራና ጉድለትህን በጽሑፍ እንዲሰጡህ ጠይቃቸው።