ከአማካዩ በፊት ክፉውን ዓመት እዩ

በግብርና፣ በኢኮኖሚክስና በስታቲስቲክስ ተመርቃችሁ ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ፤

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በእርሻ ኢኮኖሚ ሙያ ነው። አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ለገበሬ «ይህ ከዚያ ይሻልሃል» ከማለታችሁ በፊት አማካዩን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

ነገሩን በቁጥር ላሳያችሁ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው። አንድ ገበሬ ያለ ማዳበሪያ ሲዘራ ዝናቡ በከፋበት ዓመት 6 ኩንታል፣ በመካከለኛው 9፣ በጥሩው 11 ያገኛል እንበል። በማዳበሪያና በምርጥ ዘር ሲዘራ ደግሞ ዕዳው ተከፍሎ የሚተርፈው 2፣ 10 እና 20 ነው። ሦስቱም ዓይነት ዓመት የመምጣት ዕድላቸው እኩል ነው። የመጀመሪያው አማካይ 8.7 ያህል፣ የሁለተኛው 10.7 ያህል ይሆናል። ሪፖርት ላይ የሚጻፈው ይህ የ2 ኩንታል ብልጫ ነው። ገበሬው ግን የሚያየው 6ን እና 2ን ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ዝናብ ጠፋ ብሎ አይምርም። በ2 ኩንታል ቤተሰብ አይከርምም፤ በሬ ይሸጣል። በሬውን የሸጠ ሰው በሚቀጥለው ዓመት በምን ያርሳል?

ይህን ሰው «ኋላ ቀር» ብለው የሚጠሩ ባለሙያዎች አሉ። ይህ በጣም ያናድደኛል። ስቴፋን ዴርኮንና ሉክ ክሪስቲያንሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች የኢትዮጵያን የገጠር ቤተሰቦች መረጃ ተንትነው እ.ኤ.አ. በ2011 ጥናት አውጥተዋል። አዝመራ ሲበላሽ የሚከተለው ችግር ገና ከመምጣቱ በፊት ገበሬውን ከማዳበሪያ እንደሚያርቀው አሳይተዋል። ይህ ሒሳቡን አስተካክሎ የሠራ ሰው ውሳኔ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ንጽጽር ስቶካስቲክ ዶሚናንስ የሚባል መሣሪያ አለን። እ.ኤ.አ. በ1969 ሃዳርና ራስል በአንድ በኩል፣ ሃኖክና ሌቪ በሌላ በኩል የተባሉ ተመራማሪዎች ጽፈውበት በኢኮኖሚክስ ውስጥ ቦታ ያዘ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል። የየአማራጩን ውጤት ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩ። ከዚያ ትንሹን ከትንሹ፣ መካከለኛውን ከመካከለኛው፣ ትልቁን ከትልቁ ጋር አነጻጽሩ። አንዱ በየትኛውም ደረጃ ካላነሰ፣ ቢያንስ በአንዱ ደግሞ ከበለጠ፣ ነገሩ አለቀ። ብዙ ከጥቂት የሚሻለው ሰው ሁሉ እሱን ይመርጣል። ደፋር ነው ወይስ ፈሪ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚስተው ነገር አለ። የተሻለው አማራጭ በእያንዳንዱ ዓመት ማሸነፍ የለበትም። አንዱ ዘር በደረቅ ዓመት 5፣ በመካከለኛው 8፣ በዝናባማው 12 ይስጥ። ሌላው በደረቁ 13፣ በመካከለኛው 6፣ በዝናባማው 9 ይስጥ። ስትደረድሯቸው 5፣ 8፣ 12 እና 6፣ 9፣ 13 ይሆናሉ። ሁለተኛው በየደረጃው ይበልጣል። ሆኖም ሁለተኛውን የዘራ ገበሬ ከሦስቱ ዓመታት በሁለቱ የመጀመሪያውን የዘራው ጎረቤቱ ይበልጠዋል። ሰው «ተሳሳትክ» ሊለው ይችላል፤ እሱ ግን በትክክል ነው የመረጠው። እንዲያውም በደረቅ ዓመት የሁሉም ማሳ ሲከስም እህል ስለሚወደድ፣ ያ 13 ኩንታል በገበያ ከ13 በላይ ዋጋ አለው። ውሳኔን በአንድ ዓመት ምርት አትመዝኑ።

በዚህ መንገድ ካልተለዩ ሁለተኛ ሚዛን አለ። ከትንሹ ጀምራችሁ እየደመራችሁ ሂዱ። 7፣ 9፣ 11ን እና 3፣ 9፣ 15ን ውሰዱ። አማካያቸው እኩል 9 ነው። ድምሩ በመጀመሪያው 7፣ 16፣ 27፤ በሁለተኛው 3፣ 12፣ 27 ይሆናል። የመጀመሪያው የትም አላነሰም፤ ስለዚህ ስጋት የማይወድ ሰው ሁሉ እሱን ይይዛል። ሰፈራችንን ያጥለቀለቀው የስፖርት ውርርድም በዚህ ሚዛን ይወድቃል። አወራራጁ ቤት ከእያንዳንዱ ጨዋታ 5 ከመቶ ቢያስቀር፣ 5 ጨዋታ በተደራረበበት ቲኬት ላይ ያዋላችሁት 100 ብር በአማካይ ወደ 77 ብር ይወርዳል። ኪስ ውስጥ ያለው 100 ብር በዚህ ሚዛን ያሸንፋል።

ወደ ገበሬያችን እንመለስና እንደምር። ያለ ማዳበሪያ 6፣ 15፣ 26፤ በማዳበሪያ 2፣ 12፣ 32። መጀመሪያ ላይ አንዱ ይመራል፣ መጨረሻ ላይ ሌላው ያልፈዋል። በሁለቱም ሚዛን መሣሪያው ዝም ይላል። ዝም ሲል ደግሞ እናንተም ዝም በሉ። የሚወስነው ክፉውን ዓመት የሚሸከመው ሰው ነው። ጎተራው ስንት ወር እንደሚያቆየው፣ ዘመድ ይረዳው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው።

መረጃችሁንም ጠርጥሩት። የጥቂት ዓመታት ምርት ብቻ መዝግባችሁ ከሆነ ክፉው ዓመት ጭራሽ ላይኖርበት ይችላል። የ77ን ድርቅ ያዩ አባቶችና እናቶች ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከመዝገባችሁ የጎደለውን የታችኛውን ደረጃ ያውቁታል።

የእናንተ ሥራ ታዲያ ያንን የክፉ ዓመት 2 ኩንታል ከፍ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ አዲ ሓ የተጀመረው በዝናብ ልኬት ላይ የተመሠረተ የሰብል መድን የታሰበው ለዚህ ነበር። ልኬቱ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ፣ ማሳ ለማሳ ዞሮ ማየት ሳያስፈልግ ካሳ ይከፈላል። ገንዘብ ያጠረው ገበሬ ዓረቦኑን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ በጉልበቱ እንዲከፍልም ተመቻችቶ ነበር። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ።

ግን ይህንንም ደርድራችሁ እዩት። ልኬቱ «ዘንቧል» ብሎ ማሳው በተባይ ወይም በበረዶ ቢጠፋ ገበሬው ዓረቦን ከፍሏል፣ ካሳ ግን የለውም። 2 የነበረው 1 ይሆናል። የመድኑ ትንሹ ውጤት ያለ መድን ከነበረው ትንሽ ውጤት አነሰ ማለት ነው፤ አማካዩ ቢሻሻል እንኳ በሁለቱም ሚዛን ብልጫ አይኖረውም። ስለዚህ መድን ይዛችሁ መንደር ስትገቡ፣ ካሳ ሳይከፈል አዝመራ የሚጠፋበት ዓመት በስንት ዓመት አንዴ እንደሚመጣ አስቀድማችሁ አስሉ። ቁጥሩን ለገበሬው ሳትሸፍኑ ንገሩት፤ ከዚያ ይወስን።