የ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት፦ «ሌላ ቀን ነይ» ለምን ይባላል? ካርድ ከጠፋስ?

ጥያቄውን ላላዩት፦ «ልጄ ደሴ ተወልዶ እስከ 3 ወር ተኩል ያለውን ክትባት እዚያው ጨርሷል። አሁን ኮምቦልቻ ነው የምንኖረው። 9 ወር ሞልቶት ለኩፍኝ ስወስደው ‹ዛሬ አይሰጥም፣ ሌላ ቀን ነይ› ብለው ሁለት ጊዜ መለሱኝ። ቤት ስንቀይር ካርዱም ጠፍቷል። ከመጀመሪያው ሊጀመርበት ነው? ትንሽ ጉንፋንም ይዞታል፤ ይሻለው ልበል?»

አብሽሪ እህቴ። መዝገቡ እስከተገኘ ድረስ ከመጀመሪያው አይጀመርም፤ የተወሰደ ክትባት ዘገየ ተብሎ አይሰረዝም። ጉንፋኑም አያስቀረውም። የመለሱሽ ደግሞ በልጁም በካርዱም ሳይሆን በብልቃጡ ምክንያት ነው፤ ይህን ካወቅሽ ሦስተኛውን ምልልስ ታስቀሪዋለሽ።

የኩፍኝ ክትባት ደረቅ ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው። ሊሰጥ ሲል ከራሱ ማሟሟያ ጋር ይበጠበጣል። አንዱ ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ልጅ የሚሆን ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ግን ተህዋስ እንዳይራባበት የሚከላከልለት ነገር ስለሌለው፣ በቅዝቃዜ ቢያዝም ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ጠዋት 3 ሰዓት የተከፈተ ብልቃጥ 4 ልጅ ብቻ ተከትቦበት ቢሆን እንኳ 9 ሰዓት ላይ ይጣላል። ለነገ ይቆይ ማለት የለም። በፈረንጆቹ 2017 ደቡብ ሱዳን ካፖኤታ አካባቢ የተበጠበጠውን ክትባት ያለ ማቀዝቀዣ ለ4 ቀን፣ ያውም በአንድ ስሪንጅ እየደጋገሙ ሰጥተው 15 ሕፃናት ሞተዋል። ስለዚህ ባለሙያዋ ትናንት የተከፈተውን አልሰጥም ብትል ልጅሽን እየጠበቀችው ነው።

ሲወለድ ክንዱ ላይ የሚወጋው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት (ቢሲጂ) ጠባዩ አንድ ነው፤ እንዲያውም የሱ ብልቃጥ ለ20 ልጅ ይሆናል። በ45 ቀን፣ በ2 ወር ተኩልና በ3 ወር ተኩል የሚሰጡት ግን ሌላ ናቸው። ፔንታ (የአምስት በሽታ መከላከያው)፣ የሳንባ ምች ክትባቱ (ፒሲቪ) እና የፖሊዮ ጠብታው ከተከፈቱም በኋላ በአግባቡ ከተያዙ እስከ 28 ቀን ያገለግላሉ። የሮታው (የተቅማጥ መከላከያው) ደግሞ ለየልጁ ለብቻው የታሸገ ነው። ለዚህ ነው ደሴ እያለሽ በሄድሽበት ቀን ሁሉ ተከትቦ የተመለሰው፤ ለኩፍኝ ሲሆን ግን «ልጆች ይሰብሰቡና» የተባልሽው።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። ብክነት ቢኖርም ለአንድ ልጅ ሲባል ብልቃጡ ይከፈት የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ነው፤ የተመለሰች እናት ሁልጊዜ አትመለስምና። መሬት ላይ ግን የክትባት ቁጠባው ስለሚያስጨንቅ ቀን ይመደባል። ከሲስተሯ ጋር መከራከር አያዋጣም፣ ሁለት ጊዜ መመለስሽን ረጋ ብሎ መንገር ግን ያዋጣል። ብዙዎቹ ይህን ሲሰሙ ይከፍቱልሻል።

ቀኑን ስትጠይቂ ካርድ ክፍል ወይም በር ላይ ያለውን ጥበቃ አትጠይቂ፤ ክትባት ክፍሉ ድረስ ግቢና «ኩፍኝ የምትከፍቱት በየትኛው ቀን ነው? በስንት ሰዓት?» በይ። «ክትባት አለ?» ብለሽ ከጠየቅሽ ፔንታ ስላለ «አዎ አለ» ትባያለሽ፤ ከዚያ ስትሄጂ ያው ነው። የስልክ ቁጥርሽን ሰጥተሽ መምጣትም ነውር የለውም። በቀኑ ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚያ ብትሆኚ ይሻላል፤ ከሰዓት የመጣ ሰው ብልቃጡ ሰዓቱ ሊያልፍበት ወይም ሊያልቅበት ይችላል። ዓርብ ከሆነ የምሳ ዕረፍቱ ከ5:30 እስከ 7:30 መሆኑን አትርሺ። ሰፈር ውስጥ 9 ወርና 1 ዓመት ከ3 ወር የሞላቸው ልጆች ያሏቸው እናቶች ካሉ ቡና ላይ ተነጋግራችሁ በአንድ ቀን ሂዱ። ሦስት አራት ልጅ ተሰልፎ እያየ ብልቃጡን አልከፍትም የሚል ባለሙያ ብዙ አይገኝም። የአንዱ ጤና ጣቢያ ቀን ከሌላው ስለሚለይ፣ ያንቺው ሳምንት ቆይ ካለሽ ሌላውን ጠይቂ፤ ክትባት በቀበሌ አይወሰንም።

ስለ ካርዱ። ካርዱ ያንቺ ቅጂ ነው እንጂ ዋናው መረጃ እሱ አይደለም። የተከተበበት ጤና ጣቢያ የክትባት መዝገብ አለው፤ እያንዳንዱ ልጅ የተከተበበት ቀን በስሙ ትይዩ ይጻፋል። ደሴ ስትሄጂ «ልጄ እዚህ ተከትቧል» ብቻ ብትይ ባለሙያዋ ስንቱን ገጽ ታገላብጥ? የልጁን ስም እስከ አያት፣ የተወለደበትን ቀን፣ ያኔ ያስመዘገብሽውን የራስሽን ስም (በመታወቂያሽ ያለውና የተጻፈው የሚለያይበት ጊዜ አለ)፣ ቀበሌሽንና የመጀመሪያውን መርፌ የተወጋበትን ወር በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። መዝገቡ በቀን ቅደም ተከተል ስለሆነ የሚፈለገው ከተወለደ ከ45 ቀን በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ቢሲጂውን የተወጋው በተወለደበት ሆስፒታል ከሆነ እሱ እዚያ ነው የሚገኘው፤ ሁለቱን አታደባልቂ። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መመለሱ ከሕፃን ጋር ከከበደሽ ደሴ ያለ ዘመድ ወረቀቱን ይዞ ይሂድልሽ። አዲስ ካርድ ላይ አስገልብጦ፣ ማኅተም አስመትቶ ይላክልሽ።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ግን የኩፍኙን አታዘግዪ። ያለ ካርድ ሄዶ መከተብ ይቻላል፤ ኮምቦልቻ አዲስ ካርድ ይከፈትለትና የዛሬው ይጻፍበታል፣ የደሴው ሲመጣ ይሞላል። «መጀመሪያ ካርዱን አምጪ» ብሎ የሚመልስ ካጋጠመሽ ኃላፊውን አነጋግሪ፤ ለዚህ ተብሎ ልጅ አይመለስም።

መዝገቡ ጨርሶ ካልተገኘስ? በቃል ብቻ ስለማይታመን እንዳልተከተበ ይቆጠራል፤ ክትባቱን ደግሞ መውሰድ ልጁን አይጎዳውም። ቀኝ ክንዱን ከትከሻው ዝቅ ብለሽ እዪው፤ የምስር ፍሬ የምታህል ክብ ጠባሳ ካለች ቢሲጂውን ወስዷል፣ አይደገምም። ሌሎቹ በአንድ ቀን አብረው ከኩፍኙ ጋር ሊሰጡ ይችላሉ፦ ፔንታው ግራ ጭን፣ ፒሲቪው ቀኝ ጭን፣ የኩፍኙ ግራ ክንድ ላይ፣ ጠብታው በአፍ። ከዚያ ቀጣዩ ዙር ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። በአንድ ቀን ሦስት መርፌ ይበዛበታል የሚሉ አሉ፤ ሰውነቱ አይበዛበትም፣ የሚያስቸግረው ለቅሶው ነው። ጡት እያጠባሽው ቢወጋ ይቀልለታል።

ጉንፋን፣ ቀለል ያለ ተቅማጥ፣ ትንሽ ትኩሳት ወይም አንቲባዮቲክ እየወሰደ መሆኑ ክትባት አያስቀርም። የሚያስቆመው ሆስፒታል የሚያስተኛ ሕመም ወይም ባለፈው ክትባት ከባድ አለርጂ ከነበረው ነው፤ በሽታ የመከላከል አቅሙ በጣም የተዳከመ ልጅም ካለ ለባለሙያዋ ይነገራል። «ይሻለውና እወስደዋለሁ» እየተባለ ስንቱ ልጅ 9 ወሩን አልፎ ዓመቱን ይደፍናል።

ወንበሩ ላይ ከተቀመጥሽ በኋላ ሁለት ነገር ማየት ትችያለሽ። አንደኛው ብልቃጡ ላይ ያለች ምልክት ናት፤ በወይን ጠጅ ቀለም ክብ ውስጥ ነጣ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን አለች። ብልቃጡ ሙቀት ባገኘው ቁጥር ይህች ማዕዘን እየጠቆረች ትሄዳለች። ከዙሪያዋ ካለው ክብ ከነጣች ደህና ነው፤ ከእሱ ጋር ከተመሳሰለች ወይም ከእሱ ይበልጥ ከጠቆረች ክትባቱ አይሰጥም። የኩፍኙ ላይ ምልክቷ ክዳኑ ላይ ስለምትሆን ከመከፈቱ በፊት ነው የምትታየው። መብራት በጠፋ ሰሞን ይህችን ማየት አይከፋም። ሁለተኛው ስሪንጁ ነው፦ ፊትሽ ከእሽጉ ይወጣል፣ አንዴ ከተገፋ በኋላ ተመልሶ አይሳብም፣ ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ (የመርፌ መጣያው ሣጥን) ውስጥ ይገባል። በዚያው ቀን ቫይታሚን ኤውን ጠይቂ፤ ከ6 ወር ጀምሮ በየ6 ወሩ ነው የሚሰጠው። ለሱ ዕድሜ ሰማያዊዋ እንክብል (100,000 ዩኒት) ናት፣ ጫፏ በመቀስ ተቆርጦ አፉ ውስጥ ይጨመቃል። ዓመት ሲሞላው ቀይዋ፣ 200,000 ትሆናለች።

አሁን ኮምቦልቻ ላለ ሰው ዋናው ጉዳይ። ፔንታ ያስከተለው ትኩሳት በዚያው ሌሊት ወይም በማግስቱ ነበር የመጣው። የኩፍኙ እንደዚያ አይደለም፤ ከ7 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ነው ትኩሳት፣ አንዳንዴም ደቃቅ ሽፍታ የሚያመጣው፣ በ1 ወይም በ2 ቀንም ይለቀዋል። ያኔ እናት ክትባቱን ረስታዋለች፤ ወይም በተቃራኒው ሁሉንም ትኩሳት «ክትባቱ ነው» ብላ ታልፋለች። ሁለተኛው የከፋ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወባ ብዙም አይታሰብም ነበር፤ ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ወባ ደግሞ አገሩ ከ2,000 በታች ነው። በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚያተኩሰውን ልጅ የጣት ደም ሳታስመረምሪ በክትባት አታመካኚ። ጡት አልጠባም ካለ፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለሽ ሌሊትም ቢሆን ቀጥታ ሆስፒታል ነው፤ ድንገተኛ ሲሆን ሪፈር ወረቀት አይጠበቅም።

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በኪሎው ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ይሰጣል፣ ቢያንስ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ሽሮፑ 5 ሚሊው 120 ሚሊ ግራም ከሆነ 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 4 ሚሊ ይበቃዋል። ጠርሙሱን አንብቢ፣ ጥንካሬው ይለያያል፤ በሻይ ማንኪያ ሳይሆን በስሪንጅ ወይም አብሮት በሚመጣው መለኪያ ስፈሪ። ከክትባቱ በፊት «እንዳያተኩሰው» ብሎ ማጠጣት አያስፈልግም። የተወጋው ቦታ ላይም ቅቤ አይቀባም።

ለዚህ ሁሉ ክትባቱ ነጻ ነው፤ የጤና መድህን ደብተር አያስፈልገውም። ለሕክምናው ግን መድህኑ የሚሠራው ውል በተገባበት ተቋም ስለሆነ፣ ደብተርሽ የደሴ ከሆነ ልጁ ሳይታመም በፊት መዛወሩን ቀበሌ ጠይቂ። የልደት ምስክር ወረቀቱንም እዚያው እግረ መንገድሽን እዪው፤ በሕጉ 90 ቀን ነበር የተሰጠው፣ ካለፈም ይመዘገባል፣ ሆስፒታሉ የሰጠሽ የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ግን ያስፈልግሻል። እሱም ከካርዱ ጋር ከጠፋ ደሴ የሚሄደው ሰው በአንድ መንገድ ሁለቱን ያስጨርስ።

ሁለተኛው የኩፍኝ መርፌ በ15 ወር ነው። በ9 ወር ከሚከተቡት 100 ልጆች 85 ያህሉ ናቸው መከላከያውን በደንብ የሚያበጁት፤ ከእናት የወረሱት ስላለ ነው። ሁለተኛው የቀሩትን ይይዛል፣ እንጂ ማሟያ ጌጥ አይደለም። በመሀል የዘመቻ ክትባት ከመጣ አስከትቢው፤ ጣቱን ቀለም የቀቡት ማለት ግን የ15 ወሩ ተሰጥቷል ማለት አይደለም። በሁለቱ መሀል 4 ሳምንት ካለ ሁለቱንም ይወስዳል። ከክትባት ክፍሉ ሳትወጪ የዛሬው ቀንና የሚቀጥለው ቀጠሮ ካርዱ ላይ መጻፉን አረጋግጪና በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ፎቶውን ለአባትየውም ላኪለት።