ከዘራዬን ላንሣ ወይስ ቦርሳዬን ልስጥ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለኢንስፔክተር። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ዕድሜዬ 71 ዓመት። ለኪዳን የምወጣው ከንጋቱ 11 ሰዓት ሲሆን ከብሎካችን እስከ አስፋልቱ መንገዱ ጨለማ ነው። በቀደም ዕለት ጎረቤቴን ማጅራት መቺ ከኋላ አንቆ ስልካቸውንና ቦርሳቸውን ወሰደባቸው፤ ድምፃቸው እስካሁን እንደጎረነነ ነው። ልጄ ደግሞ «ከእንግዲህ በጨለማ አትወጪም» ይለኛል። እኔ ኪዳን መቅረት አልችልም። የሟች ባለቤቴን ከዘራ እይዛለሁ፤ በርበሬም በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ አለ። ብመታው እጠየቃለሁ?

መልስ፦ እትዬ፣ ከሁሉ በፊት ጎረቤትዎን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። የታነቀ አንገት ከላይ ምንም ሳይታይበት ከውስጥ ሊጎዳ፣ እብጠቱም ቆይቶ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። የጎረነነ ድምፅ በዝምታ የሚታለፍ ምልክት አይደለም።

ወደ እርስዎ ልምጣ። ፖሊስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት በአዛውንቶች ላይ የደረሰ ነጠቃ ብዙ መዝግቤያለሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የተወሰደው ገንዘብ ሳይሆን፣ ቦርሳ አልሰጥም ብለው ሲጎተቱ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ እናቶች ጉዳይ ነው። ስለዚህ ቦርሳ በአንገትዎ አሻግረው አያንግቱ። ቢነጥቅዎ ይልቀቁለት። ለኪዳን ሲወጡ ከቤት ቁልፍና ለሙዳየ ምጽዋት ከሚሆን ብር በላይ ምን ያስፈልግዎታል? እሱንም በመቀነትዎ ይቋጥሩት።

ስለ ልብስዎ አደራ እላለሁ። ብርድ ነው ብለው ጋቢዎን እስከ ጆሮዎ ከተከናነቡ ኮቴ አይሰሙም፣ እጅዎም ታሰረ ማለት ነው። ነጠላዎን አንገትዎ ላይ አይጠምጥሙ፤ መስቀለኛ የሚያጣፉት ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ይሁን።

አንቆ ከያዘዎት ግን ነገሩ ከቦርሳ አልፏል፤ ያኔ ይታገሉ። አገጭዎን ወደ ክርኑ መታጠፊያ አዙረው ዝቅ ያድርጉ፤ ለጉሮሮዎ ክፍተት የሚገኘው እዚያ ነው። በሁለት እጅዎ ክንዱን ይዘው ወደ ታች ይጎትቱ፣ በተረከዝዎ የእግሩን ጣቶች ይርገጡ። ትንፋሽ ሲያገኙ ይጩኹ።

ከዘራውን ወደ ላይ አያንሡት፤ ይይዝብዎታል፣ ሚዛንዎንም ያጣሉ። ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው በሁለት እጅ ወገብዎ ላይ ያዙት፤ ሊቀርብዎ ሲል በጫፉ ሆዱን ወይም ቅልጥሙን ይውጉት። በርበሬውን ግን እቤት ይተዉት። የእናንተ ሰፈር ነፋስ መልሶ ለእርስዎ ዓይን ነው የሚያመጣው።

ስለ መጠየቁ፦ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊያመልጡት የማይቻል፣ አጸፋዎም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። አንድ ጎረምሳ አንገትዎን ይዞ ሳለ በከዘራ ቢመቱት ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። ዞሮ መሮጥ ከጀመረ ግን ዱላውን ያውርዱ፤ አደጋው አልፏልና ከዚያ በኋላ የሚሰነዘረው ምት ሊያስጠይቅዎ ይችላል።

ልጅዎ ስለ ፈራልዎ አልፈርድበትም፤ ነገር ግን እናትን ከኪዳን ማስቀረት መፍትሔ አይደለም። ከእርስዎ ብሎክ ብቻ ስንት ኪዳን ሳሚ እንዳለ ይጠይቁ፤ ደረጃው ሥር ተጠባብቃችሁ አብራችሁ ውጡ። ልጅዎም ስለ መንገዱ መብራት ለወረዳው ማመልከቻ ይጻፍልዎ፣ ሌሎቹ ነዋሪዎችም ይፈርሙበት። ጎረቤትዎ የደረሰባቸውን ለፖሊስ አላመለከቱ እንደሆነ አብረዋቸው ሄደው ያስመዝግቡ። ያልተመዘገበ ወንጀል በተደጋገመበት መንገድ ላይ ሮንድ የሚመድብ አዛዥ አላየሁም። ለድንገተኛ ጥሪ 991 ነው፤ የተሰረቀውን ሲም ካርድ ለማዘጋት ደግሞ 994 ይደውሉ፣ በስልካቸው ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ ከሆነ ዛሬውኑ።