የዕቃ ሊፍት

ሰሞኑን ከማሠለጥናቸው ልጆች አንዱ «ጋሼ፣ አንዴ ሜዳሊያ ላግኝ እንጂ ከዚያ ወዲያ ማን ይንቀኛል?» አለኝ። ሳቅኩበት። ማታ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ፤ እኔም በእሱ ዕድሜ እንደዚያው አስብ ነበርና። እስቲ ስለ ጥቁር አሜሪካዊው ሯጭ ስለ ጄሲ ኦውንስ ላውጋችሁ።

በ1936 እ.ኤ.አ. በርሊን ኦሊምፒክ ላይ አራት ወርቅ ወሰደ። 100 ሜትር፣ 200 ሜትር፣ ርዝመት ዝላይ፣ 4 በ100 ዱላ ቅብብል። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ገና ሦስት ወሩ ነበር፣ እና አንድ ጥቁር ልጅ በሂትለር አገር እንዲህ ሲያደርግ ማሰብ እኔን እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ይኼን ግን ሁሉም ያወራዋል።

እኔ የምላችሁ ስለ ሊፍቱ ነው።

ጄሲ የአላባማ እኩል አራሽ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ወደ ክሊቭላንድ ሲሄድ እሱ ከትምህርት በኋላ ሥራ ስለነበረበት፣ ቻርልስ ራይሊ የሚባል አሠልጣኙ ጠዋት ከክፍል በፊት ያሠራው ነበር። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ስኮላርሺፕ የለውም፣ ጥቁር ስለሆነም ግቢው ውስጥ ከነጮቹ ጋር ማደር አይችልም። ለውድድር ሲጓዙ ምግቡም ማደሪያውም ለብቻ። ታዲያ በምን ይኖር ነበር? የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ የዕቃ ሊፍት እያንቀሳቀሰ። ይኼው የሊፍት ሠራተኛ በግንቦት 1935 እ.ኤ.አ. ወገቡን እያመመው ሚሺጋን ውስጥ አን አርበር ላይ በ45 ደቂቃ ውስጥ ሦስት የዓለም ሬከርድ ሰብሮ አንዱን አስተካከለ። የዝላዩ 8.13 ሜትር 25 ዓመት ቆየ!

ከበርሊን ሲመለስ ኒውዮርክ በሰልፍ ተቀበለችው። በዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ለክብሩ ግብዣ ተዘጋጀ። በዋናው በር ግን አላስገቡትም፤ ለራሱ ግብዣ በዕቃ ሊፍት ወጣ። ተማሪ ሆኖ ሲያንቀሳቅስ የኖረውን ዓይነት ሊፍት፣ ማለት ነው። ከፕሬዚዳንቱ የእንኳን ደስ አለህ ቃል እንኳ አልደረሰውም። የአገሩ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንም ያለ ክፍያ አውሮፓን እየዞርክ ሩጥ ሲለው እምቢ በማለቱ አገደው።

ከዚያ ከፈረስ ጋር መሮጥ ጀመረ። ለእንጀራ። ዘዴም ነበረው፦ የማስጀመሪያው ሽጉጥ ፈረሱ ጆሮ አጠገብ ይተኮሳል፣ ፈረሱ ሲደናበር እሱ ቀድሞ ይሄዳል። ሰዎች ውርደት ነው ሲሉት አራት ወርቅ አይበላም ብሎ መለሰ። ምን ይበል? በርሊን ላይ በ200 ሜትር ከእሱ ቀጥሎ ሁለተኛ የወጣው አሜሪካዊው ማክ ሮቢንሰንም ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና ላይ የኦሊምፒክ ጃኬቱን ለብሶ መንገድ ይጠርግ ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን ከጄሲ ጋር አልስማማም። በ1968 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ ያ የእኛ ማሞ ወልዴ ማራቶን ያሸነፈበት ጊዜ፣ ጥቁር አሜሪካውያኑ ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ የዘር መድልዎን ለመቃወም ሽልማት መድረኩ ላይ ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ሲያነሱ ጄሲ ተቃወማቸው። እሱ ያንን ሁሉ ቀምሶ! በኋላ ሐሳቡን ቀይሯል፣ ይኼንንም አልደብቅበትም። ሲገፋ የኖረ ሰው አንዳንዴ ዝም ያለ ሰው የሚሻለው ይመስለዋል። እናንተ ጓደኛችሁ ሲናገር ዝም በል አትበሉት።

ከእኔ ልጆች አንዱ ውጭ አገር ሮጦ ሦስተኛ ወጣ። በማግስቱ ለእናቱ ጫማ ሊገዛ ሱቅ ሲገባ ጥበቃው ከመደርደሪያ መደርደሪያ ተከተለው። ሜዳሊያው ቦርሳው ውስጥ ነበር። «ላሳየው ወይስ ልውጣ?» ብሎ ደወለልኝ። ጫማህን ግዛና ደረሰኝ ተቀበል አልኩት፤ ሌላ ብልሃት አልመጣልኝም። ይኸው ልጅ ግን ቋንቋውን ስለተማረ በኋላ ኮንትራቱን ራሱ አንብቦ፣ ያልገባውን ጠይቆ ነው የፈረመው። ሳያነቡ ፈርመው ሲያለቅሱ ያየኋቸው ብዙ ናቸው።

ያንን የጠየቀኝን ልጅ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ሜዳ ላይ እጠብቀዋለሁ። ደብተርህን ይዘህ ና ብዬዋለሁ፣ ከልምምድ ቀጥታ ወደ ክፍል ነው። ፊቱ ጥቁር አለ። ይምጣ ብቻ።