መልስ፦ አመዳይ የያዘው መስታወት ላይ ሙቅ ውሃ ላፍስ ወይ?

ወንድሜ፣ ጮቄ ተራራ ሥር ያደረ መኪናህ ጠዋት የፊት መስታወቱ አመዳይ ለብሶ ስለሚጠብቅህ ሙቅ ውሃ ላፍስበት ወይ ብለሃል። በፍጹም! የቀዘቀዘ መስታወት ድንገት ሲሞቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። እኔ አንድ ታኅሣሥ ለሻይ የፈላ ውሃ ደፋሁበት። ከጥግ እስከ ጥግ ጧ! ሻዩም ቀረ።

ሞተሩን አስነሣና ንፋሱን ወደ መስታወቱ አዙረው። ሞተሩ እስኪሞቅ ትንሽ ታገሥ። ኤሲውንም ክፈተው፣ እርጥበቱን ያደርቃል። እስከዚያ ባረጀ የኤቲኤም ካርድ ፋቅ ፋቅ አድርገው። የዝናብ መጥረጊያውን ግን እንዳትነካ፤ ጎማው ከበረዶው ጋር ተጣብቆ ሊቀደድ ይችላል።

የሚሻለው ግን ማታውኑ ማልበስ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት መስታወቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፣ ለዚያ ነው የሚበርደው። ካርቶን ወይም ያረጀ ጋቢ ይበቃል፤ ጋቢው እርጥብ እንዳይሆን ብቻ።