የወደቀውን ኖድ ለማንሳት ለምትቸኩሉ ልጆች

ደሴ ተቀምጬ የኮምቦልቻ ሰርቨሮችን መጠበቅ ከጀመርኩ ብዙ ክረምት አልፏል። አዲስ ተመራቂ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ «ጋሼ፣ የወደቀ ኖድ ቶሎ የሚያስነሳው ትእዛዝ የቱ ነው?» ኖድ የሚሉት ተጣምረው ከሚሠሩት ሰርቨሮች አንዱን ነው። እኔም በእናንተ ዕድሜ የምፈልገው ይህንኑ ነበር። ምን እንዳስከፈለኝ ልንገራችሁ።

የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት። ሁለት ሰርቨሮች ነበሩን፤ አንዱ ዋናው ፖስትግሬስ (ዳታቤዙ፣ መዝገቡ የሚጻፍበት)፣ ሌላው የዋናውን መዝገብ እየቀዳ የሚከተለው፣ ተከታዩ። ሁለቱን እንደ አንድ ቡድን፣ እንደ ክላስተር፣ የሚያስተዳድረው ፔስሜከር የሚባል ፕሮግራም ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይተካል። አንድ ሌሊት መብራት ሄደ፤ የዋናው ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪው) አልቻለም፤ ወደቀ። ተከታዩ ዋና ሆኖ ሥራውን ተረከበ። ደንበኛ ምንም አላወቀም። እዚህ ላይ እጄን ሰብስቤ ቡናዬን እስከ በረካ መጠጣት ነበረብኝ።

ግን መብራት ሲመለስ ስክሪኑ ላይ በወደቀው ኖድ አጠገብ «ስቶፕድ»፣ ቆሟል፣ የሚለው ቃል ዓይኔን ወጋው። ክሊንአፕ ሰጠሁት፣ ማለትም ፔስሜከርን «ያለፈውን ስህተት እርሳና እንደገና ሞክር» አልኩት፤ እምቢ አለ። ደገምኩ፤ እምቢ። ምክንያቱ ሎጉ (ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበት ማስታወሻ) ውስጥ ቁጭ ብሏል፦ የሎክ ፋይል (እንዳይነሳ የሚከለክል ምልክት) አለ፣ ዳታዬ ከአዲሱ ዋና ጋር ላይገጥም ይችላል። ዋናው ድንገት ሲሞት ይህ ፋይል ይቀራል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት መዝገቦች ተከታዩ ጋ ሳይደርሱ ቀርተው ሊሆን ይችላላ! እኔ አላነበብኩትም። ፔስሜከርን ዘልዬ በሲስተምሲቲኤል፣ ፕሮግራምን በቀጥታ በሚያስነሳው የሊኑክስ ትእዛዝ፣ አስነሳሁት።

ተነሳ። አረንጓዴ ሆነ። ደስ አለኝ።

የተነሳው ግን ዋና ሆኖ ነው፤ መሻሩን ማን ነግሮት! ብዙዎቹ ፕሮግራሞች በጋራው አይፒ (ዋና ወደሆነው ሰርቨር በሚዞረው አድራሻ) ስለሚገቡ ወደ አዲሱ ሄዱ። የአንድ መጋዘን ፕሮግራም ላይ ግን የአሮጌው ሰርቨር አይፒ በቀጥታ ተጽፎ ነበር። ለአራት ሰዓት ደረሰኙ ከፊሉ አሮጌው ላይ፣ ከፊሉ አዲሱ ላይ ተጻፈ። ሁለቱን መዝገብ በእጅ ማስታረቅ ሦስት ቀን ፈጀ፤ የአባጋር፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ትዕግስት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ አይታችኋል? ፊቱን ማየት ያቃተው ሹፌር ዳር ይዞ ይቆማል። በሁለቱ ሰርቨሮች መካከል ያለው ኔትወርክ ሲቋረጥም እያንዳንዱ ኖድ ሌላው የሞተ ይመስለዋል። ሁለት ብቻ ከሆኑ አብላጫ የሚባል ነገር የለም፤ ምልዓተ ጉባኤ እንዳልሞላ እድር ነው። ለዚህ ነው ሌላ ቦታ ሦስተኛ ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ ማሽን የሚቀመጠው። ፌንሲንግም ለዚሁ ነው፤ ሥራውን ከመረከብ በፊት የሌላውን ኃይል ቆርጦ መሞቱን ማረጋገጥ። ማስጠንቀቂያው ሰለቸን ብለው የሚያጠፉት አሉ። እባካችሁ አታጥፉት። አብላጫውን ያጣ ኖድ ከቆመ ደግሞ አልተበላሸም፤ እንደ ሹፌሩ ዳር ይዞ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት «አሁን ዋናው ማን ነው?» ብላችሁ ነው። ቀጥሎ ሎጉን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ዲስኩን እዩ፤ እኔን ብዙ ጊዜ የገጠመኝ ዲስክ ሞልቶ ነው። ተከታዩ ጠፍቶ ስሎቱ (ዋናው ላይ የተያዘለት ቦታ) ከቀረ፣ ዋናው «ይመጣል» እያለ የዋል ፋይሎችን፣ ለውጦች የሚመዘገቡባቸውን፣ ያጠራቅምለታል። ሰዓታቸው መግጠሙንም እዩ፤ ካልገጠመ የሁለቱን ሎግ አስተያይቶ ማንበብ ጣጣ ነው። አሮጌውን የምትመልሱት በፒጂ ሪዋይንድ (ከአዲሱ ዋና የተለያየውን ብቻ በሚያስተካክለው የፖስትግሬስ መሣሪያ) ወይም ከአዲሱ ዋና ሙሉ ቅጂ ወስዳችሁ ነው። ማስነሳቱን ለክላስተሩ ተዉለት።

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ኖድ አንድ ወድቋል፤ ምንም አልነካሁም።»

«ደንበኞች እየሠሩ ነው?»

«አዎ፣ ሁለተኛው ተረክቧል።»

«ሎጉንስ?»

«ገልብጫለሁ።»

«በይ እንግዲህ ተኚ። ነገ ጠዋት እመጣለሁ።»